ጣና ዳር የማለዳ ፎቶ፦ ብርሃኑ ሳይደርስ ፍሬሙን መጨረስ

ባህር ዳር ላይ የማለዳ ብርሃን አይጠብቅም። ከተማዋ ለምድር ወገብ ቀረብ ያለች ስለሆነች ጀንበር አድማሱን እየታከከች አትንፏቀቅም፤ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ሞቅ ያለው ወርቃማ ብርሃን ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ቀለሙ እየነጣ ይሄዳል። 3 ሰዓት ሲሆን ውሃው ያንጸባርቃል፣ ሰማዩ ይገረጣል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ልስልስ ጥላ ይጠፋል።

ይህች ግማሽ ሰዓት ቦታ መፈለጊያ አይደለችም። የት ልቁም? ታንኳውን ላስገባው ወይስ ልተወው? አድማሱን ከፍ ላድርገው ወይስ ዝቅ? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ገና ሳይነጋ መልስ ማግኘት አለባቸው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በዚሁ ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። ለስልክም ለካሜራም ይሆናል።

1. ጀንበር በየት በኩል እንደምትወጣ ማወቅ

ባህር ዳር ያለችው በጣና ደቡባዊ ጫፍ ነው። ከተማው ውስጥ ሆናችሁ ፊታችሁን ወደ ሐይቁ ስታዞሩ የምታዩት ወደ ሰሜን ነው ማለት ነው። ምሥራቅ በቀኝ እጃችሁ በኩል ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ መያዝ ብዙ ልፋት ያድናል። ብዙ ሰው ሐይቅ ሲባል ፀሐይ ከውሃው ውስጥ ብቅ የምትል ይመስለዋልና።

ፀሐይዋ ግን ከወር ወር ቦታ ትቀይራለች። በሰኔ አጋማሽ ከትክክለኛው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ ማለትም ወደ ሐይቁ ታደላለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ደቡብ፣ ወደ የብሱ ትሄዳለች። በመስከረምና በመጋቢት አጋማሽ ከምሥራቅ ዝንፍ አትልም። ዲግሪውን በእጅ መለካት ይቻላል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ቡጢ ብትጨብጡ የቡጢው ወርድ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ 24 ዲግሪ ሁለት ቡጢ ተኩል አካባቢ ነው። በዚያው ቡጢ ከፍታንም መለካት ትችላላችሁ። ፀሐይ ከአድማስ አንድ ቡጢ ለመውጣት 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል።

ይህ ለፎቶ ምን ማለት ነው? በታኅሣሥና በጥር ከከተማው ዳርቻ ወደ ሐይቁ ስታነሱ ብርሃኑ የሚመጣው ከቀኝ ትከሻችሁ ኋላ ነው። ደንገሉን፣ ጀልባውን፣ ውሃ ላይ ያሉትን ወፎች ያበራላችኋል። ቀለም የሚፈልግ ሰው ወሩ ይህ ነው። በሰኔ ጀንበሯ ከፊታችሁ በስተቀኝ ትሆናለች። ጥቁር ጥላ ሆኖ የሚወጣ ታንኳና ቀዛፊ ለማንሳት የሚመቸው ያኔ ነው። ችግሩ ክረምቱ ነው፤ ደመናው ብዙ ጊዜ ይሸፍናታል።

እኔን ብትጠይቁኝ መስከረምን እመርጣለሁ። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባ በየሜዳው ፈክቷል፣ ብርሃኑም ከጎን ይመጣል። የጎን ብርሃን ለመልክዓ ምድርም ለሕንጻም ከሁሉም ይበልጣል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አቧራና ጭስ ስለሚበዛ ራቅ ያለው ነገር ይደበዝዛል። ያኔ ቅርብ ቅርቡን ማንሳት ይሻላል።

ሰዓቱም ይለያያል። በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ነው፤ በመስከረም 12 ሰዓት ከ20 ገደማ። በጥር ግን 1 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ወገግ ብሎ ሰው መለየት ከተቻለ በኋላ ጀንበር እስክትወጣ ያለው ጊዜ ደግሞ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ጎህ ሲቀድ መነሳት አይበቃም፤ ጎህ ሲቀድ ቦታው ላይ መቆም ነው የሚያስፈልገው።

2. ከዋዜማው ማታ ቦታውን መርገጥ

አንድ ማለዳ አንድ ቦታ። ይህን ሕግ አድርጉት። ጣና ዳርን፣ አዲሱን የአባይ ድልድይና ቤዛዊት ኮረብታን በአንድ ጠዋት ለማዳረስ ባጃጅ ላይ የሚሮጥ ሰው ግማሽ ሰዓቱን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

ማታ 11 ሰዓት ላይ ሂዱና ቦታውን በእግራችሁ ዙሩት። የስልኩን ኮምፓስ ከፍታችሁ ምሥራቅን ለዩ። ጠዋት በምትቆሙበት ነጥብ ላይ ሆናችሁ አንድ የሙከራ ፎቶ አንሱ። በዚያች ፎቶ ላይ ቀለሙን አትዩ። ጫፍና ጫፉን እዩ። የመብራት ሽቦ ያቋርጣል? ግማሽ ጀልባ ተቆርጦ ገብቷል? የውሃ ኮዳ ወድቋል? ሽቦ የከተማችን ፎቶ ዋና ጠላት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ማለት፣ ወይም የኤሌክትሪኩ ምሰሶ ከዘንባባው ግንድ ኋላ እንዲደበቅ ማድረግ ይበቃል። ጠዋት በጨለማ ይህን ማየት አትችሉም።

ቦታ ለምትመርጡ ጥቂት ልጠቁም። የሐይቁ ዳር መንገድ ለጀማሪ ምቹ ነው። ትልልቆቹ ዋርካዎችና ሾላዎች ቅርንጫፋቸውን ወደ ውሃው ስለሚዘረጉ ለፎቶው ጣሪያ ይሆኑለታል። አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ደንገል፣ ወፍና ጭጋግ ለሚፈልግ ነው። ቤዛዊት ኮረብታ ከምሥራቅ በኩል ሆኖ ወደ አባይና ወደ ከተማው ቁልቁል ያሳያል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይዋ ከኋላችሁ ሆና የወንዙን ጥምዝ ታበራዋለች። እዚያ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት ግን አታንሱ። ጠባቂ ካለ ከየት ቆሞ ማንሳት እንደሚፈቀድ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጀልባ ከፈለጋችሁ ከባለጀልባው ጋር ማታውኑ ተስማሙ። ዋጋውንም ሰዓቱንም። «በጠዋት» አትበሉ፤ «11 ሰዓት ተኩል እዚህ ቦታ» በሉ። በማለዳ መንቀሳቀስ ችግር እንደሌለው፣ የሰዓት ገደብ እንዳለ እንደሌለም ከአካባቢው ሰው አጣሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። አባይ መውጫው አካባቢ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውሃው የሚመለሰው ልክ እናንተ በምትመጡበት ሰዓት ነው። በእሱና በውሃው መካከል መቆም አደገኛ ነው። ብቻችሁን ደንገል ውስጥ አትግቡ። ቦታውን የሚያውቅ ዓሣ አጥማጅ ወይም ባለጀልባ ይዛችሁ ሂዱ።

3. የሚያዝ ነገር

ብዙ አያስፈልግም። ትራይፖድ፣ የግንባር ባትሪ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሙሉ ቻርጅ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጋቢም ያዙ፤ ማለዳው ይበርዳል። ኤሲ ባለበት ክፍል ካደራችሁ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ዘግታችሁ ውጡና ለጥቂት ጊዜ ሳትከፍቱ ተዉት። ቀዝቃዛ ሌንስ እርጥብ አየር ሲያገኘው ላብ ይይዛል።

4. ከጀንበር በፊት ያለውን ጊዜ መጠቀም

ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ የመንገድ መብራቱ ገና ሳይጠፋ ከተማውን አንሱ። ግራና ቀኝ ዘንባባ የተተከለባቸው የባህር ዳር መንገዶች ከሁሉ የሚያምሩት በዚህ ሰዓት ነው። የሰማዩና የአምፖሉ ብርሃን የሚመጣጠንበት ጊዜ አጭር ነው፤ ከጀንበር በፊት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ አካባቢ። እግረኛ መንገዱ ላይ ቁሙና ከሰፊው ሌንስ ይልቅ አቅራቢውን ተጠቀሙ። ስልካችሁ ሦስት እጥፍ የሚያቀርብ ሌንስ ካለው እሱን። ዘንባባዎቹ ተቀራርበው፣ ተደራርበው ይታያሉ። በሰፊው ሌንስ ካነሳችሁ አስፋልቱ ፍሬሙን ይሞላና ዛፎቹ ክብሪት ያክላሉ።

ቀጥሎ ጀርባችሁን ለምሥራቅ ስጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ጀንበር ልትወጣ 15 ደቂቃ ያህል ሲቀራት በተቃራኒው በኩል፣ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት አቅጣጫ፣ ከአድማሱ በላይ ሮዝ መቀነት ይታያል። ከእሱ ሥር ያለው ግራጫ ሰማያዊ ቀለም የምድር ጥላ ነው። ጀንበር እየቀረበች ስትመጣ ጥላው ዝቅ ይልና ይጠፋል። ሁሉም ሰው ወደ ምሥራቅ አፍጥጦ ሲጠብቅ ይህ ያልፈዋል። ለሐይቅ ፎቶ ከዚህ የበለጠ ለስላሳ ብርሃን አላውቅም። ውሃውም ያንኑ ሮዝ ይደግመዋል።

5. ውሃውን ፍሬም ውስጥ ማስቀመጥ

ጠዋት ውሃው የሚረጋበት ምክንያት አለው። ሌሊት የብሱ ከሐይቁ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛው አየር ከየብሱ ወደ ውሃው ቀስ ብሎ ይነፍሳል። እናንተ ያላችሁበት ዳርቻ ከነፋሱ ስለሚከለል አጠገባችሁ ያለው ውሃ መስታወት ይሆናል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ነፋሱ ይገለበጥና ሞገድ ይመጣል። የነጸብራቅ ፎቶ ካሰባችሁ ከሁሉም ቀድማችሁ አንሱት።

ሐይቅ ብቻውን ፎቶ አይሆንም። ሰፊ ውሃና ሰፊ ሰማይ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ካላገኘ ባዶ ነው። ከፊት አንድ ነገር ፈልጉ፤ የደንገል ዘለላ፣ ድንጋይ፣ ዳር ላይ የተሳበ ታንኳ። አንድ ይበቃል። ወደ እሱ ቅረቡ፤ ካሜራውን ወደ ጉልበታችሁ አውርዱ። ከቆማችሁበት ከፍታ ካነሳችሁት ታንኳው ውሃው ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ዝቅ ስትሉ አፍንጫው ከአድማሱ ጋር ይገናኛል፤ ወደ ሐይቁ የሚጠቁም መስመር ይሆናል። ጫፉ አድማሱን ልክ እንዳይነካ ግን ተጠንቀቁ። ወይ በግልጽ ያቋርጠው ወይ በግልጽ ከሥሩ ይቅር። መነካካት ዓይን ይረብሻል።

አድማሱን የት ማስቀመጥ? ሰማዩ ደመናና ቀለም ካለው አድማሱ ወደ ታችኛው ሲሶ ይውረድ። ሰማዩ ባዶ ከሆነና ጭጋጉ ወይም ደንገሉ ከጠነከረ ወደ ላይኛው ሲሶ ይውጣ። መሐል ላይ የሚቀመጠው ነጸብራቁ ሙሉ ሲሆን ነው። ያኔ ላይና ታቹ እኩል ክብደት አለው። የስልኩን ግሪድ (ስክሪኑን በሲሶ የሚከፍሉትን መስመሮች) አብሩት። ያዘመመ አድማስ ሐይቅ ላይ ወዲያው ያስታውቃል፤ ውሃ አያዘምምምና።

ጭጋግ ካለ ዕድለኛ ናችሁ። በብርዱ ወራት ውሃው ከአየሩ ስለሚሞቅ ማለዳ ላይ እንፋሎቱ ብድግ ይላል። ጭጋግን ከራሱ ከጭጋጉ ኋላ ወይም ከጎን በሚመጣ ብርሃን አንሱት። ፀሐይዋ ከኋላችሁ ስትሆን ጭጋጉ ጠፍጣፋ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ነገሮችን አትደርድሩ። አንድ ዛፍ ወይም አንድ ታንኳ፣ የቀረው ባዶ ይሁን።

ታንኳው ላይ ያለው ሰው ሥራ ላይ ነው። ቀረብ ካለ መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ። «እንደምን አደሩ አባቴ፣ ፎቶ ባነሳ ይፈቅዱልኛል?» ለወጣት ቀዛፊ «ወንድሜ» ይበቃል። የታንኳ ሥራ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከጥንት የያዘው ሙያ ነው፤ ከደንገል ሲያስሩት ማየት ራሱን የቻለ ፎቶ ይወጣዋል። እሺ ካሏችሁ ታንኳው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ፊት ለፊቱ ቦታ ተዉለት። ወደ ፍሬሙ ጫፍ የተጠጋ ታንኳ ሊወጣ የደረሰ ይመስላል። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ወደ ጎን ዘርግቶ ከሰውነቱ ሲለይ ጠብቁና ያኔ ተጫኑ። በጥላ ፎቶ ላይ ክንድና መቅዘፊያ ተለይተው ካልታዩ ሰውየው ጉቶ ይሆናል።

6. ሕንጻን በማለዳ ብርሃን ማንሳት

በሕንጻ ፎቶ ትልቁ ጥያቄ ብርሃኑ ከየት ይመታል የሚለው ነው። የጣና ገዳማት አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ክብ ናቸው። ክብ ግድግዳ ፊት ለፊት ብርሃን ሲመታው ክብነቱ ይጠፋል፤ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከጎን ሲመታው ግን ከብርሃን ወደ ጥላ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ሙላቱም ይታያል። ፀሐይ በምሥራቅ ስለሆነች የምትቆሙት ከቤተ ክርስቲያኑ በስተደቡብ ወይም በስተሰሜን ነው። የጭቃው ልስን፣ የጭዱ ጭረት፣ የእንጨቱ አንጓ ሁሉ በጎን ብርሃን ይጎላል። ዙሪያውን በረንዳ ያላቸው ላይ ደግሞ ዝቅተኛዋ ፀሐይ የቋሚዎቹን ረጅም ጥላ ግድግዳው ላይ ትጥለዋለች። ይህ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይም።

ቀጥሎ ቁመቱ። ካሜራውን ወደ ላይ ካንጋጠጣችሁት ቋሚዎቹ ወደ ውስጥ ያጋድላሉ። መፍትሔው ቀጥ አድርጎ መያዝና ራቅ ማለት ነው። የሕንጻውን ከፍታ ሁለት እጥፍ ያህል ወደ ኋላ ሂዱ። ዛፍ ከከለከላችሁ ደረጃ ወይም ከፍ ያለ መሬት ፈልጉ። የስልኩ 0.5 (እጅግ ሰፊው) ሌንስ ቦታ ያተርፋል፤ ግን ጫፉ ላይ ያለውን ይለጥጠዋል። ጉልላቱን ከላይ አትቁረጡት። ብዙዎቹ ጉልላት ላይ የሰጎን እንቁላል ስላለ የፎቶው ዘውድ እሱ ነው። ከበላዩ የሰማይ ቦታ ተዉለት፤ ከኋላው ቅርንጫፍ እንዳይገባበትም እዩ።

ዘጌ የራሱ ሰዓት አለው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉት በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ጀንበር ስትወጣ ዛፉ ስለሚጋርዳት ብርሃኑ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በጀልባ ዘግይታችሁ ብትደርሱም አትዘኑ። እስከ 3 ሰዓት ድረስ በዛፎቹ መካከል ተሰንጥቆ የሚወርደው ጨረር ይጠብቃችኋል። እንዲያውም የቡናው መንገድ ላይ ማገዶ ያነደደ ካለ ጭሱ ጨረሩን ያሳያል። ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ፈልጉና ሰው እስኪያልፍበት ጠብቁ።

ውስጥ ለመግባት ፈቃድ ጠይቁ፣ ጫማ አውልቁ። አባቶችን «አባ፣ ይባርኩኝ» ብላችሁ ጀምሩ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም፤ አብረው የሚሄዱ ሴቶች ካሉ ቀድማችሁ አስቡበት። ቅዳሴ ላይ ካሜራ አታውጡ። የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ባሉት ሥዕሎች ላይ ፍላሽ ፈጽሞ አይበራም። በሩ ተከፍቶ የሚገባው ብርሃን ይበቃል። አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 1600 አውጡ፣ ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ሥዕሉን ከጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ቆማችሁ አንሱት።

ከአዲሱ ወገን በግንቦት 2016 የተመረቀው የአባይ ድልድይ አለ። 380 ሜትር ይረዝማል። ሙሉውን ለማስገባት አትታገሉ። ማማዎቹና ከእነሱ የሚወርዱት ኬብሎች መስመር ስለሆኑ ቁራጩ ከሙሉው ይበልጥ ይናገራል። በበጋው ወራት ከሐይቁ ወገን ሆናችሁ ስታዩት ፀሐይዋ ከድልድዩ ጀርባ ትወጣለች። ማማውን ከፀሐይዋ ጋር አጋጥሙና ጠርዙ ሲበራ አንሱ። እዚህም ጠባቂ ካለ መጀመሪያ አናግሩት።

7. የብርሃኑን መጠን መቆጣጠር

ካሜራና ስልክ ጨለማ ሲያዩ ፎቶውን ያበሩታል። ማለዳ ላይ ይህ ጥፋት ነው፤ ሰማዩ ይቃጠላል፣ ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በስልክ ሰማዩን ነክታችሁ ያዙና የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ጎትቷት። በካሜራ ከሆነ በሮው (ካሜራው ባላስተካከለው ጥሬ ፋይል) አንሱ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 አድርጉ፣ አይ ኤስ ኦ 100፣ ትራይፖድ ላይ። የሚንቀሳቀስ ታንኳ ካለ ግን የሹተሩ (የመዝጊያው) ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ በታች አይውረድ፤ ለዚያ አይ ኤስ ኦው 800 ቢሆንም ግድ የለም። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማመጣጠኛውን) ከአውቶ አውጥታችሁ የፀሐይ ምልክቱ ላይ ተዉት። አውቶው ወርቃማውን ብርሃን እንደ ስህተት ቆጥሮ ያጥበዋል።

8. ቤት ገብቶ ማስተካከል

መጀመሪያ አድማሱን ቀጥ አድርጉ፤ ሕንጻ ከሆነ ቋሚዎቹን። ከዚያ ጫፍና ጫፉን እዩና የሚረብሽ ነገር ካለ በመቁረጥ አስወግዱ። ጥላውን ትንሽ ብቻ አንሱት። ጥላው ሁሉ ከተገለጠ ማለዳነቱ ይጠፋል። የቀለም ድምቀትን አትግፉ። የጣና ውሃ በክረምት ደለል ይዞ ቡናማ ነው፤ ሰማያዊ ልታደርጉት ብትሞክሩ ደንገሉም አብሮ ይበላሻል። በየካቲት የተነሳ ፎቶ አቧራ ካለው የጭጋግ ማጥፊያውን በመጠኑ ተጠቀሙ፤ ሲበዛ ሰማዩ ላይ ቆሻሻ ነጠብጣብ ይወጣል። ከተመሳሳዮቹ ውስጥ አንዱን መርጣችሁ አስቀሩ። ያነሳችሁት ሰው ስልኩን ሰጥቷችሁ ከሆነ በዚያው ቀን በቴሌግራም ላኩለት፤ በፋይል አድርጋችሁ ላኩ፣ ጥራቱ እንዳይቀንስ።